አበባው ተታሎ ነው የወጣው

ሰሞኑን በአንድ የአየር ጠባይ ዘገባ ላይ ያየሁት ነገር እስካሁን ያበግነኛል። ጊዜው ጃንዋሪ ነው። ካሜራው በረዶ ሊለብስ የሚገባው መስክ ላይ ዝቅ አለና ቢጫ ዳፎዲሎች አሳየን። አቅራቢው ፈገግ አሉ። ተፈጥሮ ዘንድሮ ስጦታዋን ቀድማ ላከችልን አሉን። ይህ የጤና ነው ወይ ብሎ የሚጨነቅ ካለም ይረጋጋ፣ አበቦቹ መቼ መውጣት እንዳለባቸው ከእኛ በላይ ያውቃሉ አሉ። ከዚያ የሳምንቱን ሙቀት ነግረውን፣ መልካም ጸደይ ተመኝተውልን ተሰናበቱ።

በጃንዋሪ መልካም ጸደይ!

(ክረምት የምለው የዝናቡን እንዳልሆነ ልብ በሉልኝ። የሰሜኑን ነው፤ ከዲሴምበር እስከ ፌብሩዋሪ ምድር በብርድ የምትከርምበትን። ጸደይም ብርዱ ሲያልፍ ከማርች ጀምሮ የሚመጣው ነው፤ በጋ ደግሞ ከጁን እስከ ኦገስት ያለው ሙቀት። ቀኖቹንም የምቆጥረው በፈረንጆቹ ነው።)

«ስጦታ» የምትለዋን ልለፋት። አበባ ያየ ሰው ደስ ቢለው አልፈርድበትም፤ እኔም ደስ ይለኛል። ያንገበገበችኝ «ያውቃሉ» የምትለዋ ናት። ምኑን ነው የሚያውቁት? የምናወራው እኮ ስለ ሽንኩርት ራስ ዓይነት ነገር ነው፤ ዳፎዲልም ቱሊፕም የሚበቅሉት ከእሱ ነው።

አንዴ መከር ላይ፣ ልተክለው የያዝኩትን የቱሊፕ ኮረት በወጥ ቤት ቢላ ለሁለት ሰንጥቄ አየሁት። ኮረት ማለቴ ያ መሬት ውስጥ የሚቀበረው ራሱ ነው። ከላይ ቡናማ ስስ ልጣጭ አለው፤ ሲነኩት ይንኮሻኮሻል። ውስጡ ነጭና ወፍራም ነው፣ ልክ እንደ ሽንኩርት ድርብርብ። መሀሉ ላይ ግን ሽንኩርት ከትፌ አይቼው የማላውቀው ነገር ተቀምጧል። የትንሿ ጣት ጥፍር የማታህል፣ ቢጫማ አረንጓዴ አበባ። ሙሉ አበባ! ስድስቱ የአበባ ቅጠሎች ተጣጥፈዋል። ብናኝ የሚሸከሙት ስድስት ዘንጎችም በየቦታቸው ቆመዋል። በአጉሊ መነጽር አንድ በአንድ ቆጠርኳቸው። ገና አፈር አልነካም፣ ገና ብርድ አላየም፣ አበባው ግን አልቋል።

ይህች አበባ የተሠራችው በበጋ ነው፣ የእናትየው ቅጠል ደርቆ ከረገፈ በኋላ። እንግዲህ ጃንዋሪ ላይ ኮረቱ አዲስ የሚወስነው ውሳኔ የለም። ሥራው ካለቀ ወራት አልፈዋል። የቀረው መጠበቅ ብቻ ነው። የሚጠብቀውም ብርድ ነው።

ቱሊፕ ደህና አድርጎ ለማበብ ከ12 እስከ 16 ሳምንት ብርድ ይፈልጋል። ብርድ ሲባል 9 ዲግሪ ሴልሲየስና ከዚያ በታች ማለት ነው። በነዚያ ሳምንታት ከላይ ሲያዩት የሞተ ይመስላል። ውስጥ ለውስጥ ግን ስንቁን እያሰናዳ ነው። ቅጠሉ ሳይደርቅ ያጠራቀመለት ስታርች ወደ ስኳር ይለወጣል፤ ግንዱ እንዲመዘዝ የሚያዙት ሆርሞኖች ይዘጋጃሉ። ከዚያ መሬቱ ሞቅ ሲል ይነሳል። በቃ። መጀመሪያ ብርድ ይቆጠራል፣ ቀጥሎ ሙቀት ይጠበቃል። ካሌንደር የለውም። መስኮት የለውም። ከመሬት በታች አንድ ስንዝር ጨለማ ውስጥ ተቀምጦ የሚያገኘው ወሬ የአፈሩ ሙቀት ብቻ ነው።

ይህ አቆጣጠር ሞኝ አይደለም፤ ለተወለደበት አገር የተሠራ ነው። የዱር ቱሊፕ አገሩ የመካከለኛው እስያ ተራራ ነው፣ ቲየንሻንና ፓሚር። እዚያ በጋው ያቃጥላል፣ ክረምቱ ይከርራል። ብርዱ መጥቶ፣ ቆይቶ፣ ይሄዳል። ክረምቱ ቃሉን እስካከበረ ድረስ ብርድ ቆጥሮ መነሳት ትልቅ ዘዴ ነው። ቃሉን የማያከብር ክረምት ሲመጣ ግን ቆጣሪው ምን ያድርግ? የተነገረውን ያምናል።

«ያውቃሉ» ለሚሉት ሰዎች ደግሞ የአበባ ነጋዴ ልጥራላቸው። ኔዘርላንድስ ውስጥ ዋግኒንገን ላይ ብላው የሚባል ተመራማሪ ከ1920ዎቹ ጀምሮ የኮረትን ሙቀት ሲያጠና ኖሯል። እሱና ባልደረቦቹ ያወቁትን ነጋዴው ዛሬም እንጀራው አድርጎታል። ኮረቱን ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ያስቀምጡታል። ብርዱን ሲጠግብ ወደ ሞቀ የመስታወት ቤት ያወጡታል። ጸደይ የመጣ መስሎት ያብባል፤ ውጭ በረዶ እየጣለ። በንግዱ ቋንቋ «የ5 ዲግሪ ቱሊፕ» እና «የ9 ዲግሪ ቱሊፕ» የሚባሉት እነዚህ ናቸው፤ ስማቸው ራሱ የተታለሉበት ሙቀት ነው። አንድ ሙሉ ኢንዱስትሪ የቆመው ኮረት ምንም ባለማወቁ ላይ ነው! የሚያውቅ ፍጡር በፍሪጅ አይሸወድም።

እንግዲህ የሞቀ ጃንዋሪ ማለት ግድግዳ የሌለው የመስታወት ቤት ነው። ልዩነቱ አንድ ነው። በነጋዴው ቤት ማብሪያ ማጥፊያው ላይ እጁን ያደረገ ሰው አለ፤ መስኩ ላይ ማንም የለም።

ሌላም አለ። «ቀደመ» ብለን የምናጨበጭብለት የታሪኩን ግማሽ ብቻ ነው። ክረምቱ ትንሽ ሲሞቅ ኮረቱ ብርዱን አግኝቶ ቶሎ ይነሳል። የበለጠ ሲሞቅስ? ብርዱ አይሞላለትም። ያኔ ግንዱ አጥሮ አበባው አፈር ላይ ተለጥፎ ይከፈታል፣ ወይም እንቡጡ እዚያው ውስጥ ደርቆ ቅጠል ብቻ ይወጣል። ክረምት በሌለበት አገር ቱሊፕ የሚተክሉ ሰዎች ይህን ያውቁታል፤ ኮረታቸውን በየዓመቱ ፍሪጅ ውስጥ የሚያከርሙት ለዚህ ነው። ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው። ዛሬ የቀደመው አበባ ነገ የሚቀረው አበባ ነው። ተቻኮልክ የሚለኝ ይኖራል፤ እኔ ግን ከዳፎዲሉ በላይ አልተቻኮልኩም።

ሙቀት ለኮረት ይስማማዋል የሚለውም ወሬ ውሃ አያነሳም። ክሮከስ የሚባለውን ትንሽ የጸደይ አበባ በቀዝቃዛና በሞቃት ክፍል አሳድገው ያነጻጸሩ ተመራማሪዎች አሉ። የተሻለ የደለበው የቀዝቃዛው ክፍል ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው። አበባው ካለፈ በኋላ ቅጠሉ ለሚቀጥለው ዓመት ስንቅ ይሰበስባል። ሲሞቅ ቅጠሉ ቶሎ ይደርቃል። ቶሎ ከደረቀ ስንቁ ያንሳል። ስጦታ ነው የተባለው አበባ ዕዳውን ከመሬት በታች ይዞ ነው የመጣው፤ ካሜራ ደግሞ ከመሬት በታች አይቀርጽም።

«ኧረ ይህ ድሮም ነበር፣ አያቴም በጃንዋሪ አይታለች» የሚሉም አሉ። አያትዎ አይተዋል፣ አልክድም። አንድ ሞቃት ዓመት ማንም ያያል። ጥያቄው በየስንት ጊዜው ነው የሚለው ነው፤ ለዚህ ደግሞ ከአያት ትዝታ የተሻለ መዝገብ አለ። እንግሊዝ ውስጥ፣ ኖርፎክ፣ ሮበርት ማርሻም የሚባል ባላባት ከ1736 ጀምሮ የጸደይ ምልክቶችን በየዓመቱ ይጽፍ ነበር። የመጀመሪያዋ ስኖውድሮፕ፣ ያቺ ትንሽ ነጭ አበባ፣ የወጣችበት ቀን አንዱ ነው። እሱ ሲሞት ቤተሰቡ ቀጠለበት፣ እስከ 1958 ድረስ። የካምብሪጅ ተመራማሪዎች ደግሞ በ2022 ባወጡት ጥናት ብሪታንያ ውስጥ ከ1753 ጀምሮ የተጻፉ መዛግብትን ሰብስበው 406 ዓይነት ዕፅዋት አዩ። ከ1987 ወዲህ የመጀመሪያው አበባ የሚታይበት ቀን ከዚያ በፊት ከነበረው በአማካይ አንድ ወር ያህል ቀድሟል። አንድ ወር! ጃፓን ኪዮቶ ላይ የቼሪ አበባ መዝገብ ከ1,200 ዓመት በላይ ወደኋላ ይሄዳል፤ በ2021 አበባው የደመቀው ማርች 26 ነበር። እስከዚያ ዓመት ድረስ በዚያ ሁሉ ዘመን እንደዚያ የቀደመ ቀን አልተመዘገበም ነበር። ከዚህ ሁሉ ፊት የአያትን ጃንዋሪ ይዞ መቅረብ ድፍረት ነው።

ክረምቱ ራሱስ? በዲሴምበር 2015 የብሪታንያ አማካይ ሙቀት 7.9 ዲግሪ ደረሰ፤ ዳፎዲል ከገና በፊት ታየ። ፌብሩዋሪ 26 ቀን 2019 ለንደን ኪው ጋርደንስ፣ ያ የዕፅዋት ሊቃውንት የሚኖሩበት ግቢ፣ 21.2 ዲግሪ ሆነ። የ2019/20 ክረምት አውሮፓ ውስጥ ከ1981–2010 አማካይ በ3.4 ዲግሪ በልጦ ሪከርድ ሰበረ። አቅራቢያችን እነዚህን ቁጥሮች ሳያውቋቸው ይቀራሉ? ሥራቸው እኮ ነው።

ለንቦቹም አንድ ነገር ልበል። ክሮከስ ፀሐይ ስትነካው ይከፈታል፣ ሲቀዘቅዝ ይዘጋል። ቀትር ላይ ወይን ጠጅ አበባውን በርግዶ፣ ብርቱካናማ ምላሱን አውጥቶ ይቆያል። አሥር ደቂቃ አጠገቡ ቁሙ። ማንም አይመጣም። በሰሜን ጃፓን፣ ሆካይዶ፣ ኮሪዳሊስ በምትባል የጸደይ አበባ ላይ የተደረገ ጥናት ነገሩን ያስረዳል። አበባዋ የምትነሳው በረዶው ሲቀልጥ ነው። የባምብልቢ አውራ፣ ያቺ ጸጉራም ትልቋ ንብ፣ ከመሬት የምትወጣው አፈሩ በበቂ ሲሞቅ ነው። ጸደይ በተቻኮለ ዓመት አበባዋ ቀድማ ትመጣለች፣ ንቧ ትዘገያለች፣ ፍሬው ያንሳል። ሁለቱም እንደየሰዓታቸው ልክ ናቸው። ሰዓታቸው ተለያየ እንጂ።

አሁን ፍትሐዊ ልሁን፤ ለትንሽ ጊዜ። ዳፎዲል በአንድ ሌሊት ውርጭ አይሞትም። ጠዋት ብታዩት ግንዱ ዝሎ፣ መስታወት መስሎ፣ ሣሩ ላይ ተኝቷል። አለቀለት ትላላችሁ። ፀሐይ ስትወጣ ቀስ እያለ አንገቱን ያነሳል፣ እኩለ ቀን ላይ ምንም እንዳልተፈጠረ ይቆማል። ስኖውድሮፕም ሰውነቷ ውስጥ ቅዝቃዜ የሚከላከል ፕሮቲን አላት። ጠንካሮች ናቸው። አምናለሁ።

ግን ኮረትን የቀሰቀሰው ሙቀት ኮረትን ብቻ ቀስቅሶ አይቆምም። ዛፉንም ይቀሰቅሳል። ማርች 2012 አሜሪካ ውስጥ በጋ መስሎ ሞቀ። ሚሺጋን ላይ የፖም ዛፎች ከጊዜያቸው ቀድመው ነቁ። ያኔም ስንቱ ሰው እጅጌውን ጠቅልሎ ፀሐይ ሲሞቅ ከርሟል። ኤፕሪል ላይ ውርጩ መጣ። የግዛቱ የፖም ምርት 90 በመቶ ያህሉ ጠፋ። በ2021 ፈረንሳይ ተራዋ ሆነ። ማርች መጨረሻ ላይ ሞቀ፣ የወይኑ ቡቃያ ወጣ፣ ኤፕሪል ከገባ በሳምንቱ በረዶ መታው። ገበሬዎቹ ሌሊቱን በወይኑ መሀል እሳት ሲያነዱ አደሩ። ያንን ፎቶ ያየ ሰው አይረሳውም፤ ጨለማ ውስጥ ረድፍ ረድፍ የተሰደሩ ሺህ እሳቶች። የፖም አበባ እንደ ዳፎዲል እኩለ ቀን ላይ አይነሳም። ይጠቁራል፣ ይረግፋል፣ ዓመቱ አለቀ።

ለዚህ ነው የጃንዋሪው ፈገግታ የሚያበሽቀኝ። ኮረቱ ሁሉንም ቀድሞ ይነሳል፣ ስለዚህ ቀድሞ ይናገራል። የሚናገረውን ሰምቶ ለተመልካች ማስረዳት ያለበት ሰው አበባውን እንደ ፖስትካርድ አሳይቶ ያልፋል። ደግሞ እኮ ጊዜ አላጣም! ስለ ዳፎዲሉ ውበት አንድ ደቂቃ ሙሉ ሰጥቶታል።

እኔ የምጠይቀው ትንሽ ነገር ነው። በሚቀጥለው ጃንዋሪ ካሜራችሁን ይዛችሁ እዚያው መስክ ሂዱ። ከአበባው አጠገብ አፈሩ ውስጥ ቴርሞሜትር ሰክታችሁ ቁጥሩን ጮክ ብላችሁ አንብቡልን። ከጎኑም የዛሬ ሠላሳ ዓመት በዚያው ሳምንት ስንት እንደነበር ጻፉልን። እሱን አንብባችሁ ስትጨርሱም ፈገግ ማለት ከቻላችሁ፣ እሰየው።