ክረምት የማያውቃት ከተማ

ምስጋና ለሚገባው ምስጋና ይገባዋል። ባለፈው ሳምንት በሰፈራችን ሊሠራ ስለታሰበው ባለ ሃያ ፎቅ ቅይጥ ሕንፃ «ነዋሪው ይወያይበት» ተብሎ አዳራሽ ተጠራን። ለውይይት የቀረበልን ሰነድ አንድ ሥዕል ነበር። አንድ፤ ግን እንዴት ያለ! ሥሪ ዲ ይሉታል፣ ያልተሠራውን ሕንፃ እንደተሠራ አድርጎ በኮምፒውተር የሚሣል ምስል፤ ግድግዳውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሞልቶታል። እናንተም ታውቁታላችሁ፤ በየግንባታው የቆርቆሮ አጥር ላይ የሚለጠፈው የዚያ ሥዕል ወንድም ነው። ሰማዩ ከጥቅምት ሰማይ የጠራ፣ አስፋልቱ የታጠበ፣ መስታወቱ ላይ ደመና የሚንሳፈፍበት። አሁን የምንኖርባት ከተማ ረቂቋ ናት ማለት ነው አልኩ በልቤ።

ሠዓሊውን ሳላደንቅ አላልፍም። ለስንት ዘመን አቤት ያልንበትን ሁሉ በአንድ ሌሊት ጨርሶታል። የመብራት ሽቦ የለም። የታክሲ ሰልፍ የለም። ቀበና ወንዝ ሰማያዊ ሆኖ ይፈስሳል፤ ሽታውም በሥዕል ስለማይመጣ የጽዳቱ ሥራ ተጠናቋል። ከሕንፃው ጀርባ እንጦጦ መኖር ሲገባው በረዶ የለበሰ ተራራ ቆሟል፤ ይህንንም በልማቱ የተገኘ ተጨማሪ ጥቅም አድርገን ወሰድነው።

የእኛ ቤቶች ደግሞ ሣር ሆነዋል። አጠገቤ የተቀመጡት እናት መነጽራቸውን አውጥተው ቤታቸውን ቢፈልጉ ቢፈልጉ አንድ አግዳሚ ወንበርና ስሙ የማይታወቅ ዛፍ አገኙ። «ልጄ፣ እኔ የት ነኝ?» አሉኝ። «እርስዎ አረንጓዴ ቦታ ነዎት እማማ» አልኳቸው። ይሁን ብለው ዝም አሉ።

ከሁሉ አብልጬ የማደንቀው ግን ሰውዬውን ነው። የቱን ሰውዬ አትበሉኝ። ግራጫ ኮት የለበሰው፣ ቦርሳውን በቀኝ እጁ አንጠልጥሎ፣ አንድ እግሩን አንስቶ የሚራመደው ፈረንጅ። ቦሌ በተለጠፈው ሥዕል ላይ አለ። ሲኤምሲ ባለው ላይም አለ። ለቡ ላይ ፊቱን አዙሮ ወደ ግራ ይሄዳል፤ ቦርሳውም ወደ ግራ እጁ ተዛውሯል፤ ደክሞት መሆን አለበት። ሳር ቤት አካባቢ ባየሁት የሆቴል ሥዕል ላይ አራተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ ቆሟል፤ ያነሳውን እግር ግን አሁንም አላወረደም። ሕንፃ መሠረቱ ሳይቆፈር ቀድሞ የሚገባበት እሱ ብቻ ነው። ካርታ ይኑረው አይኑረው የጠየቀው የለም። ታክሲ ሲጠብቅ አላየሁትም፤ ኮቱ ላይ ጭቃ የለም፤ ዣንጥላ ይዞ አያውቅም። ሚስት አለችው፤ ፀጉሯ ወርቃማ፣ የሕፃን ጋሪ የምትገፋ። ጋሪው ውስጥ ያለው ልጅ እኔ እሱን ማየት ከጀመርኩ እስካሁን ፊደል መቁጠር ነበረበት፤ እሱ ግን ዛሬም ጋሪ ውስጥ ነው። ውሻም አላቸው፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ የሰፈር ውሾች የማይጮኹበት። በስብሰባው ላይ እጄን አውጥቼ ልጠይቅ ነበር፦ ይህ ሰው የየትኛው ወረዳ ነዋሪ ነው? መታወቂያ አለው? እድር ገብቷል? አንድ ነገር ቢሆን ድንኳን የሚተክልለት ማን ነው? ምናልባት እድር አያስፈልገው ይሆናል፤ ጥላ የሌለው ሰው ሲሞት አልሰማሁም።

አዎ፣ ጥላ የለውም። እኔም ያስተዋልኩት ዘግይቼ ነው። ሕንፃውም የለውም፤ ቢኖረውም እግሩ ሥር እንደ ጨዋ ልጅ ሰብሰብ ብሎ ተቀምጧል። ፀሐይዋ ከፊትም ከጎንም ታበራለች። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነች በታኅሣሥ ቀትር ፀሐይ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች፤ 65 ሜትር የሚረዝም ሕንፃ በዚያ ሰዓት ወደ ሰሜን 40 ሜትር ያህል ጥላ ይጥላል። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ደግሞ፣ ሰው ብርዱን ሊያባርር ደጁ ላይ ፀሐይ በሚሞቅበት ሰዓት፣ ጥላው ወደ ምዕራብና ወደ ሰሜን ምዕራብ ከ100 ሜትር በላይ ይዘረጋል።

እዚህ ላይ ቀልድ ይቁም። እማማ በርበሬ የሚያሰጡት ያ ጥላ በሚያርፍበት ቦታ ነው። ልጃቸው ልብስ የምታደርቀው፣ ባለቤታቸው ከነጉልበት ሕመማቸው ወንበር አውጥተው የሚቀመጡት እዚያው ነው። ይህን የሚያሳይ ምስል መሥራት የማይቻል ሆኖ አይደለም የቀረው፤ ያው ኮምፒውተር፣ ያው ባለሙያ፣ ቀንና ሰዓት ቢሰጠው ጥላውን ራሱ አስልቶ ያወጣዋል። የሰው ቤት ሊጨልም ሲል ባለቤቱ አስቀድሞ የማየት መብት አለው። ቤቱን ሣር አድርጎ ስሎ «አስተያየታችሁን ስጡን» ማለት ንቀት ነው፤ ሌላ ስም የለውም።

ወደ ምስጋናዬ ልመለስ። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ከ12 ሜትር በላይ የሚረዝመውን ሕንፃ ከሦስቱ የሕንፃ ምድቦች የመጨረሻው በሆነው ምድብ «ሐ» ውስጥ አስገብቶት ነበር። የመዋቅሩ፣ የኤሌክትሪኩ፣ የውኃና የፍሳሹ ፕላን ሁሉ ኃላፊነት የሚወስድ ባለሙያ ይፈርምበታል። ሥዕሉ ግን እኔ በታደምኩባቸው ስብሰባዎች ሁሉ ፊርማ አልባ ነው። ብረቱ ቢሳሳት የሚጠየቅ አለ፤ ሰማዩ ቢሳሳት የሚጠየቅ የለም። ነዋሪውን የሚያሳምነው ደግሞ ሰማዩ ነው። እንዲያውም ሥዕሉ ገና ሲበራ አንድ ሰው ከፊት ወንበር ተነስቶ «ልማት የሚጠላ የለም!» ብሎ ማጨብጨብ ጀመረ። በየስብሰባው እንዲህ የሚል አንድ ሰው አይጠፋም፤ ከግራጫ ኮቱ ሰውዬ ጋር ዝምድና ሳይኖረው አይቀርም።

ለንደኖች ያሳዝኑኛል። የቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል እይታ እንዳይሸፈን ከ1930ዎቹ ጀምሮ ሲጨነቁ ኖረዋል። ዛሬ ረጅም ሕንፃ የሚያቀርብ ሰው ካሜራው የቆመበት ነጥብ በቀያሽ ተለክቶ፣ ሌንሱና ሰዓቱ ተመዝግቦ፣ እግረኛ ቆሞ በሚያይበት ከፍታ ምስሉን እንዲሠራ ይጠየቃል። የእኛው በአሞራ ዓይን ነው የሚታየው፤ አሞራ ደግሞ አቤቱታ አያስገባም።

ስዊዘርላንዶች ይባስ ብለው ሥዕሉን አላመኑትም። ፈቃድ ከመሰጠቱ በፊት ቦታው ላይ ቀጫጭን ምሰሶ ይተክላሉ፤ የምሰሶው ጫፍ ሕንፃው የሚደርስበትን ከፍታ ያሳያል። ጎረቤት መስኮቱን ከፍቶ ያያል፤ ካልተስማማው ተቃውሞውን በጽሑፍ ያስገባል። ኮምፒውተር የማይፈልግ፣ መብራት ቢጠፋ የማይቋረጥ ዘዴ ነው። እንጨቱ ደግሞ ለእኛ ብርቅ አይደለም፤ አጣና ስንት የሕንፃ መወጣጫ ሆኖ የኖረባት ከተማ ናት። ሃያ ፎቅ አይደርስም የሚል ካለ ፊኛ በገመድ አስሮ መልቀቅ ይቻላል።

ከስብሰባው በኋላ ይህንኑ ሐሳብ ለአንድ የሥዕል አዋቂ ገምጋሚ አቀረብኩለት። ትንሽ አሰበና አይሆንም አለ፤ አጣና መትከል የአካባቢውን ገጽታ ያበላሻል፣ በዚያ ላይ የጎረቤትን ብርሃን ይከልላል።