እርማት፦ የናስር ሐይቅ ደለል ግድቡ ሥር አይደለም

«ከኢትዮጵያ የሚወርደው ደለል የአስዋን ግድብ ግንብ ሥር ተከምሮ ተርባይኖቹን ሊዘጋ ደርሷል» የሚለው አባባል ደጋግሞ ይነገራል፤ ስህተት ነው።

ግድቡ ግብፅ ውስጥ በናይል ወንዝ ላይ የፈጠረው የናስር ሐይቅ ወደ 500 ኪሎ ሜትር ይረዝማል። ከዚህ 150 ያህሉ ሱዳን ውስጥ ነው፤ እዚያ ስሙም የኑቢያ ሐይቅ ነው። ወንዙ ወደ ረጋው ውሃ ሲገባ ፍጥነቱ ይወድቃል፦ መጀመሪያ አሸዋው፣ ቀጥሎ ደቃቁ ደለል ይዘቅጣል፤ እጅግ የላመው ሸክላ ብቻ ትንሽ ይርቃል። ስለዚህ ክምችቱ በአብዛኛው በሱዳኗ የጠረፍ ከተማ ዋዲ ሃልፋ አካባቢና ከዚያ ወደ ወንዙ ላይኛው ክፍል፣ ከግድቡ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ነው ያለው። ግድቡ ዘንድ የሚደርሰው ውሃ ጥርት ያለ ነው፤ የታችኛውን ወንዝ ዳርቻ የሚሸረሽረውም ይኸው ደለል አልባ ውሃ ነው።

መሐንዲሶቹ ከባሕር ወለል በላይ እስከ 147 ሜትር ያለውን 31 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ለደለል ትተውታል። ችግሩ፣ ደለሉ የተመደበለትን ቦታ አልጠበቀም። ወንዙ በሚገባበት የሐይቁ ጫፍ ላይ ከፍ ብሎ ስለሚዘቅጥ፣ ከፊሉ ለአገልግሎት የሚውለውን ውሃ ቦታ ይሻማል። መነጋገር ካስፈለገ በዚህ ነው።

በነገራችን ላይ፣ እ.ኤ.አ. በ1902 ያለቀው አሮጌው የአስዋን ግድብ ሌላ ነው፤ ሐይቁን የፈጠረው ከእሱ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ወደ ላይ ያለው፣ በ1970 የተጠናቀቀው ከፍተኛው ግድብ ነው። ውሃ መያዝ የጀመረው ግን በ1964 ነው።