ለተከበሩ ሦስተኛ ኖዝል (የፒካፔ ናፍጣ መርጫ)፣ ባሉበት

ቁጥር፦ 3/4
ቀን፦ መኪናዬ እንቢ ያለችበት ሰኞ
ጉዳዩ፦ ናፍጣ እየጠጡ ሥራ አለመሥራትን ይመለከታል

ክቡርነትዎ፣

ከሁሉ አስቀድሞ የከበረ ሰላምታዬ ይድረስዎ። ይድረስዎ ያልኩት ለወጉ ነው። ናፍጣውም በየቀኑ ይደርስዎታል፤ ምን እንደሚያደርጉበት አይተናል።

የምኖረው አዳማ ነው። ደብረ ብርሃን ብሆን ኖሮ ጠዋት ሞተሩ ለመነሳት ሲያንገራግር ብርዱን አማ ነበር። እዚህ ግን ምን ብዬ ላምልጥ? ዶሮ ጥላ ፈልጋ በምትጋደምበት ከተማ ፒካፔን ብርድ መታት ብል ማን ያምነኛል? ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ ይጮሃል፣ ይጮሃል፣ ይጮሃል። በስንት ልመና ሲነሳ ደግሞ ጥቅጥቅ ያለ ነጭ ጭስ። ጭሱም አርፎ አይቀመጥም። የአዳማን ነፋስ ያውቁታል፤ ተሸክሞ በቀጥታ የጎረቤት ልብስ ማስጫ ላይ ያራግፈዋል። (በነገራችን ላይ፣ ይኸው ነፋስ የሚያዞራቸው የአዳማ ቁጥር 2 የነፋስ ኃይል ማመንጫ ተርባይኖች 102 ናቸው። 153 ሜጋ ዋት። 102 ሆነው ተስማምተው ይሠራሉ። እናንተ ለየሲሊንደሩ አንድ አንድ ሆናችሁ አራት ናችሁ።)

ያ ነጭ ጭስ ያልተቃጠለ ናፍጣ ነው። እኔ ከፍዬ የገዛሁት፣ እርስዎ በወጉ ሳይረጩ የለቀቁት።

ሥራዎን አሳንሼ አላይም። ሞተሩ በሚኒሞ፣ ማለትም ነዳጅ ሳይረገጥ፣ በደቂቃ 800 ጊዜ ቢዞር፣ ከእርስዎ የሚጠበቀው 400 ጊዜ ናፍጣን እንደ ጉም አድርጎ መርጨት ነው። ካንዴላ የለም፤ እሳት የሚለኩስ የለም። ፒስተኑ አየሩን ጨምቆ ያግለዋል፣ እርስዎ ይረጩበታል፣ ይቀጣጠላል። ተራውም የታወቀ ነው፤ 1፣ 3፣ 4፣ 2። ከአንደኛው ቀጥሎ የሚጠሩት እርስዎ ነዎት። ተራዎ ሲደርስ ግን ሁሌ ስብሰባ ላይ ነዎት። ሩዶልፍ ዲዝል በፈረንጆቹ 1897 የተሳካለት ሞተር አንድ ሲሊንደር ብቻ ነበረው። ታድሎ! ሦስተኛ የሚባል ጣጣ አላየም።

እርስዎን ለመጠርጠርም አልቸኮልኩም። መጀመሪያ የጠረጠርኩት ባትሪውን ነው። ቻርጅ አስደረግኩት። ቀጥሎ ጠዋት ሲሊንደሩን የሚያሞቁትን ካንዴሌታዎች። ቀየርኳቸው። ከዚያ ተራው የናፍጣ ማጣሪያው፣ የፊልትሮው ነበር። እዚያ ሳልደርስ ባለቤቴ በር ላይ ቆማ፣ "ለምን አንቀይራትም?" አለች። ይህን ስትል የምታየው መኪናዋን አልነበረም። እኔን ነው። ፊልትሮውን ተውኩት።

ያጋለጡዎት ጋሼ ናቸው። ጎረቤቴ ናቸው፤ በጉብዝናቸው ጊዜ ኤንትሬ የሚባለውን የጭነት መኪና ይዘው የአሰብን መንገድ የተመላለሱ ሹፌር። ጋቢያቸውን ጣል አድርገው መጡና ረጅም ካቻቢቴ ጠየቁ። ጫፉን እናንተ ላይ፣ እጀታውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ተራ በተራ አዳመጡ። አንደኛው ቆ ቆ ቆ ይላል። ሁለተኛውም እንደዚያው። እርስዎ ጋ ሲደርሱ ፊታቸውን ቋጠር አደረጉ።

"ልጄ፣ ይሄ በሦስት ነው የሚሠራው" አሉ።

በጆሮ ምስክር ብቻ አይፈረድም አልኩና 17 ቁልፍ አወጣሁ። መነጽር አደረግኩ። ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ፣ የአንደኛውን ቧንቧ ዳዶ በጨርቅ ሸፍኜ ግማሽ ዙር ላላ አደረግኩት። ሞተሩ ተንገዳገደ፤ ሊጠፋ ምንም አልቀረው። አጠበቅኩት። ሁለተኛውን ላላ አደረግኩ፤ እንደዚያው ተንገዳገደ። ሠራተኛ እንዲህ ነው፤ ሲቀር ያስታውቃል።

ከዚያ የእርስዎን ፈታሁ።

ምንም።

ሞተሩ ቅንጣት አልተሰማውም። ያው መንቀጥቀጡን ቀጠለ። መኖርዎና አለመኖርዎ አንድ ሆኖ ተገኘ። በማግስቱ ጠዋት፣ ሞተሩ ተነስቶ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላው፣ ከየሲሊንደሩ ጭስ በሚወጣበት ቧንቧ ላይ ጠብታ ጠብታ ውኃ ጣል አደረግኩ። የሦስቱ ጋ ቸስ ይላል። የእርስዎ ጋ ጠብታው ተንከባሎ ወረደ። ይህን ሁሉ ዓመት ስትቀመጥ ወንበሩን እንኳ አላሞቅክም! ይቅርታ፣ አንቱታው አመለጠኝ።

እጄን ግን ወደ አፍዎ አላስጠጋሁም። ስንፍናዎን እንጂ ክፋትዎን አልናቅኩም። ከ100 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) በላይ ተገፍቶ የሚወጣ ናፍጣ ቆዳ በስቶ ይገባል። ላዩ ላይ የመርፌ ጫፍ የምታክል ነጥብ ነች፤ ውስጥ ውስጡን ግን ጣት እስከ ማስቆረጥ ይደርሳል። ወዲያው ሐኪም ቤት መሮጥ ነው እንጂ "ይተወኛል" አይባልም።

ይህን ያየ አንድ የሰፈር ሰው ኮመን ሬል የሚባለው አዲሱ ዓይነት የናፍጣ መርጫ ያላትን መኪናውን አስነስቶ "የእኔንም ላላ አድርግልኝ" አይለኝም መሰለዎት! ሸሸሁ። የእርስዎ ዘመናዊ ዘመዶች ግፊታቸው ከ1000 ባር በላይ ይደርሳል። የእነሱ ቧንቧ ሞተሩ እየሠራ አይነካም። እነሱን የሚያሳጣቸው የሚመልሱት ናፍጣ ነው። ከየኖዝሉ መመለሻ ቀጭን ቱቦ ተስቦ፣ አራት ባዶ ሃይላንድ ተደርድሮ፣ ለጥቂት ደቂቃ ይጠበቃል። ከሌሎቹ ተለይቶ ሃይላንዱን የሞላው እሱ ውስጡ አልቋል ማለት ነው።

ወደ እርስዎ ልመለስ። ይግባኝ እንዳይሉብኝ፣ ከሁለተኛው ጋር ቦታ አቀያየርኳችሁ፤ የመዳብ ሮንዴላችሁንም አዲስ አደረግኩ። ሕመሙ እዚያው ሦስተኛው ሲሊንደር ላይ ቢቀር ኖሮ፣ ጥፋቱ ናፍጣ የሚገፋው የፖምፓው ወይም የሲሊንደሩ ነው ብዬ ይቅርታ እጠይቅዎ ነበር። አልቀረም። ተከትሎዎት ሁለተኛው ላይ ሄደ። ለካ በዝውውርም የማይለቅ ስንፍና አለ።

በቃ፣ አራታችሁንም በጨርቅ ጠቅልዬ ፖምፓና ኖዝል የሚጠግነው ፖምፒስታ ልጅ ዘንድ ወሰድኳችሁ። የመሞከሪያውን እጀታ ሲጫነው ሦስቱ ባልደረቦችዎ ጭርር እያሉ ጉም በተኑ። እርስዎ እንደ ሕፃን ሽንት አንድ ቀጭን መስመር ለቀቁ። ሲጨርሱም ተንጠባጠቡ። እኔ አፈርኩልዎት።

ልጁ ግን አልሳቀም። አፍዎን ፈትቶ ወደ ብርሃኑ ያዘው።

"ዝጓል። ውኃ አግኝቶታል። ፊልትሮውን አይተኸዋል?"

"እ... ልደርስበት ነበር።"

"ናፍጣ ከየት ነው የምትቀዳው?"

ቤት ገብቼ ከፊልትሮው ሥር ያለችውን ማፍሰሻ ብርጭቆ ይዤ ከፈትኳት። መጀመሪያ የወረደው ናፍጣ አልነበረም። ሻይ የመሰለ ውኃ ነው። ከሥሩም ደቃቅ ዝገት ተኛ።

እንግዲህ ክቡርነትዎ፣ የዛሬ ወር ገደማ የማደያው ሰልፍ ተጠማዞ ከዓይን ሲጠፋ፣ "ማን ይሰለፋል!" ብሎ ከመንገድ ዳር ሁለት ቢጫ ጀሪካን ናፍጣ የገዛ አንድ ሰው አለ። ጀሪካኑ ቀድሞ ምን እንደነበረበት አልጠየቀም። ስሙን መጥቀስ ለጊዜው አስፈላጊ አይደለም። ይህን ደብዳቤ ግን በደንብ ያነበበው ይመስለኛል፤ የእጅ ጽሑፉም የእሱ ነው።

ስለዚህ ከላይ "ጉዳዩ" በሚለው ሥር የተጻፈው እንዳልተጻፈ ይቆጠርልኝ። አፍዎ ተቀይሯል። ነገ ጠዋት 12 ሰዓት ሥራ ይገባሉ።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለአንደኛ፣ ለሁለተኛና ለአራተኛ ኖዝሎች
ለጎረቤት ልብስ ማስጫ
ለቢጫው ጀሪካን (ጓሮ)
አዳማ