ለሳንቲም የተሠራ ጌም ቤት ሲገባ

ፋስት ኤንድ ፊውሪየስ አርኬድ የሚባለው የመኪና ውድድር ጌም ለቤት ኮንሶል (ቴሌቪዥን ላይ ለሚሰካ የጌም መጫወቻ) ይወጣል ሲባል መጀመሪያ በጣም ደስ አለኝ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ጥርጣሬው መጣ። ደስታውም ጥርጣሬውም በቂ ምክንያት አላቸው።

ነገሩን ላልሰማ ሰው በአጭሩ ልንገረው። ሮው ትሪልስ የሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ2022 በፋስት ኤንድ ፊውሪየስ ፊልሞች ስም ለጌም ቤቶች ያወጣው የመኪና ውድድር ማሽን አለ። እንዲህ ጌም ቤት ቆሞ በሳንቲም የሚሠራ ማሽን አርኬድ ይባላል። መቀመጫ፣ መሪ፣ ነዳጅና ፍሬን ያለው፣ ገና ከሩቅ በመብራቱና በጩኸቱ የሚጠራ ዓይነት ነው። ይኸው ጌም በ2025 ለፕሌይስቴሽን 5፣ ለኤክስቦክስ ሲሪስ እና ለስዊች እንደሚወጣ ታውጇል፤ ይህን የምጽፈው ከመውጣቱ በፊት ነው። የሚያሳትመው ጌምሚል የሚባል ኩባንያ ነው። ዜናው እንደተሰማ ጌመሩ ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ "እሰይ፣ ስንጠብቀው የኖርነው ነው" አለ፣ ግማሹ ደግሞ "ተዉን እባካችሁ፣ ስንት ጊዜ ተሸውደናል" አለ።

እኔን ግራፊክሱ አያሳስበኝም። የሚያሳስበኝ ጌሙ ለሳንቲም የተሠራ መሆኑ ነው። ቤት ውስጥ ሳንቲም የለም፣ ወረፋ የለም፣ ከኋላ ቆሞ "ጨርስና ተነስ" የሚል ሰው የለም። ይሄ ሁሉ ሲጠፋ ጌሙም እንደገና መሠራት አለበት። ገልብጦ ማምጣት ብቻውን አይሆንም።

ድሮ ጭንቀቱ ሌላ ነበር። የአርኬድ ማሽን አቅም ከቤት ኮንሶል በብዙ ስለሚበልጥ ቤት የሚደርሰው ሁልጊዜ የተቀነሰ ነገር ነበር። ሴጋ ዴይቶና ዩኤስኤ የሚባለውን የውድድር ጌም በ1995 ለራሱ ኮንሶል ለሳተርን ሲያመጣ፣ ማሽኑ ላይ በሰከንድ ወደ 60 ፍሬም (ምስል) ይሄድ የነበረው ጌም ወደ 20 አካባቢ ወረደ። ተራራውና ግንቡ ከሩቅ እየቀረበ መምጣት ሲገባው ድንገት ከባዶ ሰማይ ብቅ ይል ነበር። ያም ሆኖ ብዙ ሰው ወደደው፣ ምክንያቱም መኪናው ጠመዝማዛ ላይ ሲንሸራተት የሚሰጠው ስሜት አልጠፋም። ናምኮ የሚባለው ኩባንያም የውድድር ጌሙን ሪጅ ሬሰርን ለመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን ሲያዘጋጅ ከ60 ወደ 30 ፍሬም አውርዶታል፤ ግን በዲሴምበር 1994 ጃፓን ውስጥ ከኮንሶሉ ጋር በአንድ ቀን ወጥቶ የኮንሶሉ መታወቂያ ሆነ።

ዛሬ ያ ጣጣ የለም። የአሁን ዘመን የአርኬድ ማሽን ሆዱ ሲከፈት አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ፒሲ ነው። አዲሶቹ ኮንሶሎች ይሄን ለመሸከም አይቸገሩም። ስዊች ትንሽ ሊያንገዳግደው ይችል ይሆናል፣ እሱም ቢሆን ዋናው ነገር አይደለም።

ዋናው ነገር ሰዓት ነው።

የአርኬድ ውድድር የሚሠራው ቢበዛ ሁለት ሦስት ደቂቃ እንዲፈጅ ነው። ከዚያ ካለፈ የማሽኑ ባለቤት ይከስራል፣ ወረፋ የያዘውም ሰው ሰልችቶት ይሄዳል። ስለዚህ ሁሉም ነገር እዚያች ደቂቃ ውስጥ ይታጨቃል። መኪናው ገና ከመነሳቱ መንገዱ ይሰነጠቃል፣ የሆነ ነገር ይፈነዳል፣ መኪናውን የሚያስፈነጥረው ኒትሮ በሽ በሽ ነው። ተቀናቃኞቹም ለአንተ ተብለው የተስተካከሉ ናቸው፤ ወደኋላ ስትቀር ቀስ ይላሉ፣ ስትቀድም ይፈጥናሉ፣ ውድድሩ እስከ መጨረሻዋ ሰከንድ አንገት ለአንገት እንዲሆን። ማሽኑ ላይ ይሄ ማጭበርበር አይደለም። ትልቅ ሙያ ነው። የከፈልከው ለሁለት ደቂቃ ደስታ ነው፣ ደስታህን ታገኛለህ፣ ትነሳለህ።

ቤት ግን አትነሳም። ሶፋ ላይ ተደላድለህ ያንኑ ትራክ (የውድድር መንገድ) ደጋግመህ ስትነዳ ፍንዳታው እዚያው ቦታ፣ በዚያችው ቅጽበት ይፈነዳል። ሁለተኛው መኪና እየጠበቀህ መሆኑም ይገባሃል። አንዴ ከነቃህ በኋላ ደግሞ ከመነሻው ጀምሮ በደንብ መንዳት ትርጉም ያጣል፤ ኒትሮህን ቆጥበህ የመጨረሻዋ ቀጥታ መንገድ ላይ መልቀቅ ይበቃሃል። እንደዚህ ማሰብ ከጀመርክ ጌሙ ለአንተ አልቋል። ገንዘብህ ከወጣ ገና አንድ ምሽት ቢሆነው ነው።

እነዚህ ሰዎች ደግሞ ለዚህ ነገር እንግዳ አይደሉም። የሮው ትሪልስ መሥራች ዩጂን ጃርቪስ ክሩዝን የሚባለውን የውድድር ጌም የፈጠረው ሰው ነው። ክሩዝን ዩኤስኤ በ1994 አርኬድ ላይ ሲወጣ አልትራ 64 ከተባለው፣ በኋላ ኒንቴንዶ 64 ከሆነው ኮንሶል ስም ጋር ተያይዞ ነው የተዋወቀው። ሰውም ማሽኑን እያየ "ቤቴ የሚመጣው ይሄው ነው" ብሎ አሰበ። ማሽኑ ውስጥ የነበረው የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ ግን ከኮንሶሉ ጋር ዝምድና አልነበረውም። ጌሙ በ1996 መጨረሻ ኒንቴንዶ 64 ላይ ሲደርስ ከማሽኑ የተለየ፣ የሚንገጫገጭ ነገር ሆኖ ተገኘ። የጠበቀው ሰው ቅር ቢለው አይፈረድበትም።

ሁለተኛው ሙከራ ይብሳል። በ2004 ሮው ትሪልስ በዚሁ ፊልም ስም ሌላ የአርኬድ ማሽን አውጥቶ ነበር። በጣም ጎበዝ ማሽን ነበር። ቁጥር የሚነካባቸው ቁልፎች ነበሩት፤ የሚስጥር ቁጥርህን ታስገባለህ፣ ባለፈው መጥተህ ያሻሻልከው መኪና እዚያው ይጠብቅሃል። ሰው ለመኪናው ሲል ተመልሶ እንዲመጣ ያደርግ ነበር። በ2007 ያው ጌም ለኒንቴንዶ ዊ መጣ። የፊልሙን ስም ግን ይዞ መምጣት ስላልቻለ ያንን አውልቆ "ክሩዝን" የሚለውን የድሮ ስም ለብሶ ነው የመጣው። ተቺዎች አልማሩትም። ልክ ናቸው፤ ከማሽን ላይ ተነስቶ ዲስክ ላይ ተለጠፈ እንጂ "ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ ይሄን እንዴት ይጫወታል" ብሎ የተጨነቀበት ሰው ያለ አይመስልም። "ተሸውደናል" የሚሉት ሰዎች የሚያስታውሱት ይሄንን ነው።

ሦስተኛው ግን ተስፋ ይሰጣል። ክሩዝን ብላስት በ2017 አርኬድ ላይ ወጣ፣ በ2021 ደግሞ ለስዊች መጣ። ማሽኑ ላይ አምስት ትራክ ነበረው። ስዊች ላይ ከ20 በላይ ሆነ። በየትራኩ የተደበቁ ቁልፎች ተጨመሩ። ቁልፉን ለማግኘት ቀጥታውን መንገድ ትተህ በጓሮ መታጠፍ አለብህ፤ ስለዚህ ያንኑ ትራክ ደግመህ ስትነዳው ምክንያት አለህ። ከመኪና ሌላ ዩኒኮርን አለ፣ ዳይኖሰር አለ፣ በራሪ ሳህንም አለ። ነዳጁን ሁለቴ ቶሎ ቶሎ ስትጫን መኪናው አፍንጫውን ወደ ላይ ያነሳል፤ በማሽኑ ላይ የእግር ሥራ የነበረው እዚህ የጣት ሥራ ሆኖ ሳለ አልደበዘዘም። ኦንላይን አለመኖሩ ግን አናዶኛል። አሳታሚው ማን መሰላችሁ? ይሄው ጌምሚል ነው።

በሌላ በኩል በ2023 ስከል አይላንድ፦ ራይዝ ኦቭ ኮንግን ያሳተመውም ጌምሚል ነው። ያ ጌም ሳያልቅ የወጣ እስኪመስል ድረስ ደካማ ስለነበር በዓመቱ መጥፎ ጌሞች ዝርዝር ውስጥ ስሙ ደጋግሞ ተነስቷል። ስለዚህ የአሳታሚውን ስም ብቻ አይቶ መፍረድ አይቻልም። ከኩባንያው ጥሩም መጥፎም ይወጣል። ልዩነቱን የሚያመጣው ለሠሪዎቹ የሚሰጠው ጊዜ ነው ብዬ አምናለሁ።

አሁን ሁሉም የሚጠይቀው "ስንት ትራክ አለው?" እያለ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ለእኔ ግን ከሱ በፊት አንድ ነገር አለ፤ መኪናው ጆይስቲክ ላይ እንዴት ይነዳል?

ማሽኑ ላይ መሪው ሁለት እጅ ሙሉ ነው። ከመሃል እስከ ጥግ ብዙ ቦታ አለው። ትንሽ ስታዞረው መኪናው ትንሽ ይዞራል፣ መንገድ ስትስት መሪው ራሱ ተንቀጥቅጦ እጅህን ይገፋዋል። ጆይስቲክ ላይ ያለችው፣ በአውራ ጣት የምትገፋው አናሎግ ግን ከመሃል እስከ ጠርዝ የምትጓዘው የጣት ስፋት ቢሆን ነው። የመሪውን ስሌት እንዳለ ወስደህ እዚያች ላይ ብትጭነው መኪናው ይደነብራል። ነካ ስታደርጋት አንዱ ግድግዳ ላይ፣ ልታርመው ስትል ሌላኛው ግድግዳ ላይ ነህ። በብዙ ፍጥነት ላይ መሪው ምን ያህል መጠንከር አለበት፣ አውራ ጣትህን ስትለቅ መኪናው በምን ያህል ፍጥነት ይቃና፣ ድሪፍቱ (ጠመዝማዛ ላይ መንሸራተቱ) መቼ ይግባ፣ መቼ ይልቀቅ፣ ይሄን ሁሉ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ እየነዳ፣ እየቀየረ፣ እንደገና እየነዳ ነው የሚያስተካክለው። ማስታወቂያ ቪዲዮ ላይ አይታይም። ግን ጌሙን የሚያድነውም የሚገድለውም እሱ ነው።

ማስረጃ ካስፈለገ በ1995 መጨረሻ ሳተርን ላይ የወጣው ሴጋ ራሊ አለ። አራት ትራክ ብቻ ነው ያለው። አራት! ግን ጎማው ጠጠር ላይ ሲሆንና አስፋልት ላይ ሲወጣ ልዩነቱ እጅህ ላይ ይታወቅሃል፣ አንድን ጠመዝማዛ ግማሽ ሰከንድ ለማሻሻል ብቻ ሰው ሌሊቱን ያነጋበታል። ዴይቶናንም በዚያ ሁሉ ጉድለቱ ያተረፈው ይሄው ነው። አነዳዱ ጥልቀት ካለው ጥቂት ትራክ ይበቃል። አነዳዱ ባዶ ከሆነ ግን ሃምሳ ትራክ ቢደረደርም ዋጋ የለውም። 

እንዴት መሠራት እንዳለበትም የታወቀ ነው። አውትረን 2 የሚባለው የሴጋ የመኪና ጌም በ2003 አርኬድ ላይ ወጣ። የማሽኑ ቦርድ ራሱ ከኤክስቦክስ የተወሰደ ስለነበር ገልብጦ ማምጣቱ ቀላል ነበር። ጌም ሠሪው ሱሞ ዲጂታል ግን በ2004 ለኤክስቦክስ ሲያመጣው በዚያ አላበቃም። 101 ትናንሽ ፈተናዎች ጨመረበት፣ ኦንላይን አስገባበት። እነዚያ ፈተናዎች ያንኑ መንገድ ሌላ ሥራ ይሰጡታል፤ እዚህ ጋ ተንሸራተት፣ እዚህ ጋ ማንንም ሳትነካ እለፍ፣ እዚህ ጋ ከጎንህ የተቀመጠችው ልጅ የምትጠይቅህን አድርግ። የአምስት ደቂቃ መንገድ የወራት ጨዋታ ሆነ። እኔም ከፋስት ኤንድ ፊውሪየስ የምፈልገው ይሄንን ነው።

አንድ ሌላ ስጋትም አለ፣ የፈቃድ ነገር። የአውትረን 2 ዘር የሆነው አውትረን ኦንላይን አርኬድ በ2009 በዲጂታል ብቻ ወጣ፣ የፌራሪ ፈቃድ ሲያልቅ ከመደብር ተነሳ። በዚሁ ፊልም ስም በ2020 የወጣው ክሮስሮድስ የሚባለው ጌምም በ2022 ከዲጂታል መደብሮች ተነስቷል፤ ሁለት ዓመት እንኳን አልሞላውም። የፊልም ስምም የመኪና ስምም የተሸከመ ጌም ዕድሜው በውል ወረቀት የተገደበ ነው። ስለዚህ ይሄን ጌም የምትገዙ ከሆነ በዲስክ ወይም በካርድ ግዙት። ከመደብር ቢነሳ እንኳን እጃችሁ ላይ ይቀራል፣ ለሌላ ሰውም ታውሱታላችሁ።

ከሁሉም በላይ ግን ጎን ለጎን መቀመጥ እንዳይረሳ። የአርኬድ ውድድር ግማሽ ደስታው አጠገብህ ያለው ሰው ነው። ስትቀድመው ዞር ብለህ የምታየው፣ ሲቀድምህ ትከሻህን የሚገፋህ። ቤት ውስጥ የዚህ ምትክ ስክሪን ተከፍሎ አብሮ መጫወት ነው። ስክሪኑ ሲከፈል ፍሬሙ የሚወርድ፣ መንገዱ ላይ ያለው መኪና ሁሉ የሚጠፋ ከሆነ ግን ከስሙ በቀር ምንም አልመጣም ማለት ነው። በርቀት ላለ ጓደኛ ደግሞ ኦንላይን ያስፈልጋል። ክሩዝን ብላስት ላይ ይሄ አልነበረም፤ አሁንም ከሌለ በበኩሌ ይቅርታ አላደርግም።

ቀድሜ አልከፍልም። ማንም ቀድሞ እንዲከፍል አልመክርም፣ ይህን ጌም በጣም የጓጓለት ሰው እንኳን ቢሆን። በወጣ ቀን ሰው በጆይስቲክ ሲጫወተው፣ ስክሪኑ ለሁለት ተከፍሎ ሙሉ ውድድር ሲነዳበት ማየት እፈልጋለሁ፤ አምሮ የተቆራረጠ ቪዲዮ አይደለም። ጌምሚል ከመውጣቱ በፊት አንድ ትራክ በነፃ ቢለቅ ደግሞ ይሄ ሁሉ ክርክር በአንድ ከሰዓት ያልቅ ነበር። አንድ ትራክ፣ ሁለት መኪና፣ ሁለት ጆይስቲክ። አነዳዱ ላይ የተማመነ ሰው ይሄን ለማሳየት ምንም የሚያስፈራው ነገር የለም፤ ካሳየን እኔም በዚያው ቀን እገዛለሁ።