«አለቀልን» ከማለታችሁ በፊት ምድቡን አንብቡ

የሐዋሳ ሰዎች፣ ከፒያሳ እስከ አቶቴ፣ ከአረብ ሰፈር እስከ ታቦር ያላችሁ ሁሉ፣ ይህን ተግሳጽ በክፉ አትዩት። ኳስ አታውቁም የሚላችሁ የለም። ሐዋሳ ከተማ በ1996 እና በ1999 የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ወደዚህ ሐይቅ ዳር ያመጣ ክለብ ነው። አዳነ ግርማ የዚህ ከተማ ልጅ ነው። ጨዋታ ማየት ታውቁበታላችሁ፤ የማታውቁበት ምድብ ማንበብ ነው። በዚህ የተነሳ የአፍሪካም ሆነ የዓለም ዋንጫ በመጣ ቁጥር ያልሞተውን ቀብራችሁ፣ የሞተውን ስትጠብቁ ታመሻላችሁ።

አንድ ምሽት አንስተን እንይ። ጥር 9 ቀን 2014፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት። ዋልያዎቹ ካሜሩን ውስጥ ባፉሳም ላይ ከቡርኪና ፋሶ ጋር ሊጫወቱ ገቡ። በመጀመሪያው ጨዋታ ያሬድ ባየህ ገና በ12ኛው ደቂቃ በቀይ ካርድ ወጥቶ በኬፕ ቨርዴ 1 ለ 0 ተሸንፈናል። በሁለተኛው ዳዋ ሆቴሳ በ4ኛው ደቂቃ አስቆጥሮ ብንመራም ካሜሩን 4 ለ 1 ረታናለች። ዜሮ ነጥብ፣ አራት የግብ ዕዳ። «የስንብት ጨዋታ ነው» ያላችሁ ብዙ ናችሁ፤ «ቻናል ቀይርልን» ያላችሁም አትጠፉም።

አሁን ቁጥሩን ተመልከቱ። ቡርኪና ፋሶ በ25ኛው ደቂቃ አገባች፤ የዲላው ልጅ ጌታነህ ከበደ በ52ኛው ደቂቃ በፍጹም ቅጣት ምት አቻ አደረገ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ጨዋታው እስኪያልቅ ኢትዮጵያ ከጥሎ ማለፉ አንድ ጎል ብቻ ርቃ ነበር። አንድ ጎል! ብትገባልን 3 ነጥብ እንይዛለን፤ ቡርኪና ፋሶም 3 ላይ ትቀራለች። በአፍሪካ ዋንጫ ነጥብ እኩል ሲሆን መጀመሪያ የሚታየው የእርስ በርስ ውጤት፣ ማለትም እኩል የሆኑት ቡድኖች እርስ በርሳቸው ሲጫወቱ ያስመዘገቡት ስለሆነ ሦስተኛ የምንሆነው እኛ ነን። ከስድስቱ ምድቦች ሦስተኞች ደግሞ አራቱ ያልፋሉ። ከሌሎቹ ምድቦች ሦስተኛ የወጡት ማላዊ 4፣ ቱኒዚያና ኮሞሮስ 3፣ ሴራሊዮን 2፣ ሱዳን 1 ነጥብ ነበራቸው። ቁጠሩት፤ አራተኛዋ አላፊ ኢትዮጵያ ትሆን ነበር። ያቺ ጎል ብትቆጠር ከምድቡ ግርጌ ትወድቅ የነበረችው ቡርኪና ፋሶ በአቻው አለፈችና እስከ ግማሽ ፍጻሜ ደረሰች።

ይህን ያህል የቀረበ ነገር «የስንብት ጨዋታ» ተብሎ ታየ። ይህ ስንፍና ነው፤ የሚጠይቀው አንድ ወረቀትና አንድ እስክሪብቶ ብቻ ነበርና።

ወረቀቱ እንዲህ ይሠራል። አራት ቡድን ባለበት ምድብ ጨዋታው ስድስት ነው፣ ለእያንዳንዱ ቡድን ሦስት። አራቱን ስም ወደ ታች ጻፉ፤ ወደ ጎን ያሸነፈው፣ አቻ የወጣው፣ የተሸነፈው፣ ያገባው፣ የገባበት፣ የግብ ክፍያው (ካገባው ላይ የገባበት ሲቀነስ)፣ ነጥቡ። ከዚህ ሌላ ግን ብዙ ሰው የሚዘለው ነገር አለ፤ የስድስቱን ጨዋታ ውጤት እያንዳንዱን ለብቻው ከሥር መዝግቡ። ይህ ከሌለ የእርስ በርስ ውጤት ማውጣት አይቻልም፤ ድምሩ ብቻ ቀርቶ ማን ማንን እንዳሸነፈ ይጠፋል። ስትጨርሱ ሁለት ማረጋገጫ አለ። የአራቱ ቡድኖች የግብ ክፍያ ሲደመር ዜሮ መሆን አለበት። የአራቱ ነጥብ ሲደመር ደግሞ ከ18 ላይ አቻ የወጡት ጨዋታዎች ቁጥር የተቀነሰለት መሆን አለበት፤ አሸናፊ ያለው ጨዋታ 3 ነጥብ፣ አቻ ደግሞ 2 ብቻ ስለሚያወጣ ነው። በ2014ቱ ምድባችን ካሜሩን 7፣ ቡርኪና ፋሶና ኬፕ ቨርዴ 4፣ 4፣ እኛ 1፤ ድምሩ 16፣ አቻው ሁለት። ገጠመ። ካልገጠመላችሁ አንድ ውጤት ተሳስታችሁ ጽፋችኋል፤ ከጎረቤታችሁ ጋር ከመጨቃጨቃችሁ በፊት እሱን ፈልጉ።

ትልቁ ስህተት የሚመጣው ነጥብ እኩል ሲሆን ነው። እ.ኤ.አ. እስከ 2022 ድረስ በዓለም ዋንጫ መጀመሪያ የሚታየው አጠቃላይ የግብ ክፍያ ነበር። በአፍሪካ ዋንጫና በአውሮፓ ዋንጫ ግን የእርስ በርስ ውጤት ይቀድማል፤ ፊፋም ለ2026ቱ የዓለም ዋንጫ ቅደም ተከተሉን ለውጦ የእርስ በርሱን አስቀድሟል። እናንተ ሁሉንም በአንድ ሕግ ትዳኛላችሁ፤ ከዚያ የውርርድ ቲኬት ቆርጣችሁ ሲቃጠል «ተበላን» ትላላችሁ። የበላችሁ ሕጉን አለማንበባችሁ ነው።

ሦስት ቡድኖች እኩል ሲሆኑ ደግሞ ነገሩ ይከብዳል፤ እዚህ ላይ ቀስ በሉ። እ.ኤ.አ. በ2010 አንጎላ ላይ ዛምቢያ፣ ካሜሩንና ጋቦን እኩል 4 ነጥብ ይዘው ጨረሱ። ጋቦን ካሜሩንን 1 ለ 0 አሸንፋለች። የዋህ ተመልካች ካሜሩን ወደቀች ይላል። ሕጉ ግን ሦስቱን በአንድ ላይ ያያቸዋል፤ አራተኛዋ ቱኒዚያ ትወጣና በሦስቱ መካከል ብቻ አዲስ ትንሽ ሠንጠረዥ ይሠራል። ጋቦን ካሜሩንን 1 ለ 0፣ ካሜሩን ዛምቢያን 3 ለ 2፣ ዛምቢያ ጋቦንን 2 ለ 1። ሁሉም 3፣ 3 ነጥብ። የግብ ክፍያቸውም ሁሉም ዜሮ። የቀረው ያገቡት ብዛት ነው፤ ዛምቢያ 4፣ ካሜሩን 3፣ ጋቦን 2። ጋቦን ያሸነፈችው ቡድን ሲያልፍ እያየች ወደ አገሯ ተመለሰች። ዛምቢያ ላይ አንድ ጎል ብቻ ተጨማሪ ብታገባ ኖሮ ታሪኩ ሌላ ነበር። ስለዚህ «ተሸንፈን ስናበቃ ጎሉ ምን ያደርግልናል» አትበሉ፤ በ3 ለ 1 እና በ3 ለ 2 ሽንፈት መካከል አገር ያልፋል፣ አገር ይወድቃል።

ሦስተኞች እርስ በርሳቸው ሲወዳደሩ ግን የእርስ በርስ ውጤት የሚባል ነገር የለም፤ አልተገናኙማ። ነጥብ፣ ከዚያ የግብ ክፍያ፣ ከዚያ ያገቡት ብዛት። በአፍሪካ ዋንጫ ከ6 ሦስተኞች 4፣ 48 ቡድን በ12 ምድብ በሚጫወትበት የዓለም ዋንጫ ደግሞ ከ12 ሦስተኞች 8 ያልፋሉ። 3 ነጥብን አትናቁ። እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ኮትዲቯር በገዛ ሜዳዋ በኢኳቶሪያል ጊኒ 4 ለ 0 ተዋርዳ፣ በ3 ነጥብና በሦስት የግብ ዕዳ ሦስተኛ ሆና ቀረች። ሞሮኮ ዛምቢያን 1 ለ 0 ስላሸነፈች ብቻ አለፈች፤ አሰልጣኟን ቀይራ ዋንጫውን በላች። ሦስት ነጥብ፣ ሦስት የግብ ዕዳ፤ እኛ ቡርኪና ፋሶን 2 ለ 1 ብናሸንፍ ይኖረን የነበረው ልኩ ይኸው ነበር።

በ2005ም ይኸው ጥፋት ተሠርቷል፤ ከዚህም የባሰ። ከ31 ዓመት በኋላ የአፍሪካ ዋንጫ ገብተን ኔልስፕሩት ላይ የወቅቱን ሻምፒዮን ዛምቢያን ገጠምን። ሳላዲን ሰይድ ፍጹም ቅጣት ምት ሳተ፣ ግብ ጠባቂው ጀማል ጣሰው በቀይ ወጣ። በዚያን ጊዜ ከመቀመጫው የእኛው ሰዎች ቩቩዜላና ያገኙትን ዕቃ ወደ ሜዳ ወረወሩ። በአሥር ሰው ለቀረ ቡድን የሚያስፈልገው እርጋታ በሆነበት ሰዓት! እነዚያ አሥሩ ግን አልተረበሹም፤ የእናንተው አዳነ በ65ኛው ደቂቃ አቻ አደረገ። ቀጥሎ ቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0 ሲያሸንፈን ስድቡ ወረደ፣ «አለቀ» ተባለ። ወረቀቱ ግን አላለቀም ይል ነበር። ቡርኪና ፋሶ 4፣ ናይጄሪያና ዛምቢያ 2፣ 2፣ እኛ 1። ናይጄሪያን ካሸነፍንና ዛምቢያ ካላሸነፈች ሩብ ፍጻሜ ነበርን። ዛምቢያ አላሸነፈችም፤ 0 ለ 0 ወጣች። እኛም ከናይጄሪያ ጋር እስከ 80ኛው ደቂቃ 0 ለ 0 ነበርን፤ ቪክተር ሞሰስ በሁለት ፍጹም ቅጣት ምት ቆረጠን። ያ ናይጄሪያ ዋንጫውን አንስቶ ሄደ። አራት ጎል የገባበትን ቡድን የሰደባችሁ ሰዎች፣ የሰደባችሁት ከሩብ ፍጻሜ አንድ ድል የራቀ ቡድን ነበር።

ስድብ ኳስ ዕውቀት አይደለም። ቴሌግራምና ቲክቶክ ላይ የተጫዋች እናት ከመስደብ፣ ቡድኑ በቀረው ጨዋታ ምን እንደሚበቃው አስልቶ መጻፍ ይሻላል። አቻ ይበቃል? በስንት ጎል ልዩነት ማሸነፍ አለብን? የየትኛው ሜዳ ውጤት ይነካናል? እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች የማይመልስ ሰው ስለ ምድብ ባያወራ ይመረጣል።

ካርድም ይቆጠራል፤ ይህን ብዙዎቻችሁ እንደ ቀልድ ታዩታላችሁ። በፊፋ ስሌት ቢጫ አንድ፣ በሁለተኛ ቢጫ የመጣ ቀይ ሦስት፣ ቀጥታ ቀይ አራት፣ ቢጫ ካየ በኋላ ቀጥታ ቀይ አምስት ነጥብ ያስቀንሳል። እ.ኤ.አ. በ2018 ሴኔጋልና ጃፓን በነጥብም፣ በግብ ክፍያም፣ ባገቡትም፣ በእርስ በርስ ውጤትም እኩል ሆኑ። ሴኔጋል ስድስት ቢጫ፣ ጃፓን አራት። ሴኔጋል ወደቀች። ስለዚህ ተጫዋች ማሊያውን አውልቆ ሲጨፍር ወይም ዳኛ ላይ ሲጮህ አታጨብጭቡለት።

ቲኬት የምትቆርጡ ልጆች፣ በተለይ በሦስተኛው ቀን፣ ምድቡ በሚጠናቀቅበት ጨዋታ፣ እጃችሁን ሰብስቡ። የዚያ ቀን ጨዋታ በስም አይገመትም። 6 ነጥብ የያዘ አሰልጣኝ ዋናዎቹን ያሳርፋል። አቻ የሚበቃቸው ሁለት ቡድኖች አይገዳደሉም። በዚያው 2018 ጃፓን በፖላንድ 1 ለ 0 እየተመራች የመጨረሻዎቹን ደቂቃዎች ኳስ ከኋላ ስታንሸራሽር ጨረሰች፤ ከሌላው ሜዳ ሴኔጋል በኮሎምቢያ እየተሸነፈች መሆኗን ሰምታለችና። «ጃፓን ታገባለች» ብሎ ገንዘቡን ያስያዘ ሰው የሠራው ስህተት የኳስ አይደለም፤ ሠንጠረዡን አላየም።

የአንድ ምድብ የመጨረሻ ሁለት ጨዋታዎች በአንድ ሰዓት የሚጀመሩትም በዚህ ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ1982ቱ የዓለም ዋንጫ በስፔኗ ከተማ ሂሆን ላይ ምዕራብ ጀርመንና ኦስትሪያ የአልጄሪያን ውጤት ቀድመው አውቀው ስለገቡ 1 ለ 0 ሁለቱም እንደሚያልፉ ያውቁ ነበር፤ በ10ኛው ደቂቃ ጎል ከገባ በኋላ ተዋውለው እንደተቀመጡ ያህል ኳስ ሲለዋወጡ አልጄሪያ ወደቀች። ከ1986ቱ የዓለም ዋንጫ ጀምሮ ሰዓቱ አንድ ሆነ።

ስለዚህ የዲኤስቲቪ ቤት ባለቤቶች፣ በሦስተኛው ቀን አንድ ስክሪን ከፍቶ ሃምሳ ሰው ማስከፈል አይበቃም። ሁለተኛ ቴሌቪዥን አምጡ፤ ድምፁ ከዋናው ይሁን፣ ሁለተኛው በዝምታ ይሂድ። እሱ ካልተገኘ አንድ ልጅ በስልኩ ሌላውን ውጤት ይከታተልና ጎል በገባ ቁጥር ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ሠንጠረዥ በእስክሪብቶ ያስተካክል፤ ካርዱንም ይመዝግብ። ፊደሉ ከኋላ ወንበር እንዲታይ በትልቁ ጻፉት። ጨዋታው ሲያልቅ ወረቀቱን አትቅደዱት፤ የሌሎቹ ምድቦች ሦስተኞች ገና አልተጫወቱም።