ሴት አክባሪው ወንድማችን ሺህ ዓመት ይኑርልን

ዛሬ ማመስገን የምፈልገው ሰው አለ። ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ስለ ሴቶች ወሬ በተነሳ ቁጥር ማንም ሳይጠይቀው "እኔ እኮ ሴት አከብራለሁ" የሚለው፣ ማስረጃ ካስፈለገም "እናት አለችኝ፣ እህት አለችኝ" እያለ የሚቆጥረው ወንድማችን ነው። እናት ያለው ወንድ ሆኖ መገኘት ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ።

ሴት ሰድቦ አያውቅም። እሱ ዘንድ ሴት አበባ ናት፣ ሩህሩህ ናት፣ ልቧም ከወንድ ልብ የነጻ ነው። እንዲህ ያለችውን ፍጡር በበጀትና በስብሰባ ጭቅጭቅ ማጠውለግ ግፍ ስለሆነ የኃላፊነቱ ወንበር ላይ እሱ ይቀመጥላታል። ደመወዙንም እንዳይከብዳት ይቀበልላታል። ከዚህ በላይ መስዋዕትነት ከየት ይምጣ?

ፒተር ግሊክና ሱዛን ፊስክ የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ግን ይህን የመሰለ ደግ ሰው አላስቀምጥ አሉት። እ.ኤ.አ. በ1996 ባለ 22 ጥያቄ መለኪያ አወጡ። ግማሹ የለየለትን ጥላቻ ይለካል፤ ሴቶች ወንድን ሊቆጣጠሩ ነው የሚፈልጉት፣ ትንሹን ነገር አድልዎ ነው ይላሉ፣ እና የመሳሰለው። ሌላው ግማሽ ቀጥታ የኛን ሰውዬ ነው የሚለካው። ሴት በወንድ ልትጠበቅ ይገባል፣ አደጋ ሲመጣ ቀድማ ትዳን፣ በሞራል ከወንድ ትበልጣለች የሚለውን። ይሄንንም ፆታዊ አድልዎ ነው አሉት! ደግ መሳይ አድልዎ። ምቀኝነት ካልሆነ ምን ይባላል?

እ.ኤ.አ. በ2000 ደግሞ ከሌሎች ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው በ19 አገሮች ከ15,000 በላይ ሰዎችን ጠየቁ። ውጤቱ ለወንድማችን አይነገረውም። ጥላቻው ከፍ ባለበት አገር ሙገሳውም ከፍ ብሎ ተገኘ፣ ሁለቱ አብረው ነው የሚወጡት፣ አብረው ነው የሚወርዱት። የወንዶቹ ነጥብ ከፍ በሚልበት አገር ደግሞ ሴቶች በሥልጣንም በገቢም ወደ ኋላ የመቅረት አዝማሚያ ታየ። አበባ በበዛበት ወንበር አነሰ ማለት ነው። የአጋጣሚ ነገር ይሆናል።

ተመራማሪዎቹ እንደሚሉት ሙገሳው ሽልማት ነው፣ ጥላቻው ቅጣት። ቦታዋን የያዘች ትወደሳለች፣ ወንበሩን የጠየቀች ደግሞ ሌላኛውን ፊት ታያለች። ለዚህ ነው "አበባዬ" ሲላት የከረመው ሰው አለቃው የሆነች ቀን በአንድ ጊዜ "ክፉ ሴት" ናት የሚለው።

"ሴቶቹስ ራሳቸው ይወዱት የለ?" ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፣ ጥላቻውን ከወንዶች ይልቅ ይቃወማሉ፣ ሙገሳውን ግን ብዙ ቦታ ላይ ከወንዶቹ ባልተናነሰ ይቀበሉታል። እንዲያውም በኩባ፣ በናይጄሪያ፣ በደቡብ አፍሪካና በቦትስዋና ከወንዶቹ በልጠው ተገኝተዋል። የወንዶቹ ጥላቻ በባሰበት አገር የሴቶቹም ሙገሳውን መቀበል ይጨምራል። እኔ እዚህ ላይ አልስቅም። ዛቻውም ጥበቃውም ከአንድ ደጅ ሲመጣ "ጥበቃው ይቅርብኝ" ለማለት የምትደፍር ስንት ናት? ጥበቃ የሚሸጥ ሰው ደግሞ ስጋቱ እንዲጠፋ አይቸኩልም። (ወንድማችንን ማለቴ አይደለም፣ እሱ በነጻ ነው የሚጠብቀው።)

በቤልጂየም የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ ጥናትም አለ። ሴቶች ሥራ እንደሚያመለክቱ ሆነው ፈተና ይሰጣቸዋል። አንዳንዶቹ ከፈተናው በፊት በግልጽ የሚያንኳስስ ነገር ይሰማሉ፤ ሌሎቹ ደግሞ "አይዟችሁ፣ ወንዶቹ ባልደረቦቻችሁ ይረዷችኋል" የሚል የማር ቃል። ፈተናው ላይ የባሰ የሠሩት ማሩን የሰሙት ናቸው። ጭንቅላታቸው "እችል ይሆን?" በሚል ሐሳብ ተይዞባቸው ነበር። ስድብ ሲሆን ቢያንስ ስድብ መሆኑ ይታወቃል፣ እልህም ያስይዛል። ደግነትን ግን በምን ተናዶ ይመልሱታል? መሳደብ ለሰለቸው ሰው እንዴት ያለ ጨዋ ዘዴ ነው!

ወንድማችን ይህን ሁሉ ቢሰማ የሚለውን ከወዲሁ አውቀዋለሁ። መጀመሪያ "ከተመራማሪዎቹ አንዷ ሴት ናት?" ብሎ ይጠይቃል። አዎ ስንለው ፊቱ በደስታ ይበራል። "ጎበዝ! ሴቶቻችን እኮ ይችላሉ" ይላል። ቀጥሎም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ስሌቱን ግን ሰውዬው ነው አይደል የሠራላት?"