«እያንዳንዱ ጉዳይ ለየብቻው ይታያል»

ስልኩን ከዘጋሁ ገና ግማሽ ሰዓት አልሞላም፤ እጄም መንቀጥቀጡን አልተወም። ልጄ በማርች ከዩኒቨርሲቲ የደረሳትን የመግቢያ ደብዳቤ ዛሬ ለስንተኛ ጊዜ እንዳነበብኩት አላውቅም። «እንኳን ደስ አለሽ» ከሚለው ገጽ ጀርባ፣ ቅበላው የሚጸናው የ12ኛ ክፍል ትምህርቷን እስካሁን ባሳየችው ደረጃ ስታጠናቅቅ ነው ይላል። ያን ዕለት ቤቱ እልልታ በእልልታ ስለነበረ ያችን ዓረፍተ ነገር ልብ ያላት ሰው አልነበረም። አሁን ካልኩለስ ዲ ሆኖ መጣ፤ አራት ዓመት ሙሉ ከቢ በታች አይታ የማታውቅ ልጅ ናት።

ወደ ዩኒቨርሲቲው የቅበላ ቢሮ ደወልኩ። ያነሳችው ሴት «ልጅዎ 18 ዓመት ስለሞላት ስለ ማመልከቻዋ ከእርስዎ ጋር መነጋገር አንችልም» አለችኝ። «ስለ ማመልከቻዋ አልጠየቅሁም፤ ደብዳቤያችሁ ላይ የጻፋችሁትን ቃል ትርጉም ነው የጠየቅሁት። አንድ ዲ ያስቀራል ወይስ አያስቀርም?» «እያንዳንዱ ጉዳይ ለየብቻው ይታያል።» «መቼ?» «የመጨረሻው ትራንስክሪፕት ሲደርሰን።» «ከዚያስ?» «ለተማሪዋ በኢሜይል ይገለጽላታል።» «የቦታ ማስያዣውን እስከ ሜይ 1 ክፈሉ፣ የከፈላችሁት አይመለስም ስትሉ ግን ገንዘቡን የተቀበላችሁት ከእኔ ካርድ ነው» ስላት ጥቂት ዝም ብላ «ሌላ የምረዳዎት ነገር ይኖራል?» አለችኝ። ከሁሉም ያቃጠለኝ ይህ «ሌላ» የሚለው ቃል ነው፤ የመጀመሪያውን መቼ ረዳችኝ?

የወንድሜ ልጅ አገር ቤት የ2014 ዓ.ም.ን የ12ኛ ክፍል ፈተና ሲወስድ፣ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶው ብቻ ነበሩ። እሱም ወድቆ ሬሜዲያል (የማካካሻ ትምህርት) ገባ፤ ቤተሰቡም ብዙ አለቀሰ። ነገር ግን የሚጠበቅበትን ያውቅ ነበር፤ 50 ማምጣት ነው። የእኔ ልጅ ቅድመ ሁኔታ ግን ቁጥር የለውም። ሲ ይበቃል ወይ? ዲ አንድ ብቻ ከሆነስ? ሁሉም በእነርሱ ልብ ውስጥ ነው፤ መልሱ የሚመጣው በጁላይ ሊሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ ደግሞ ሌሎቹን ትምህርት ቤቶች እምቢ ብለን ጨርሰናል።

በመሥሪያ ቤቶች በኩል ሲዘገይ ግን እንዲህ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2023 የታላቅ ወንድሟን የፋፍሳ ቅጽ (የአሜሪካ መንግሥት ለተማሪዎች የሚሰጠው የገንዘብ ድጋፍ ማመልከቻ) ለመሙላት ከኦክቶበር ጀምረን ስንጠብቅ ቅጹ የተከፈተው በዲሴምበር መጨረሻ ነበር፤ ድጋፉ ስንት እንደሆነ ሳናውቅም ጸደዩ አለፈ። ማንም ሲጠየቅ አላየሁም። ልጅ ግን አንድ ሴሚስተር ከደከመች ትጠየቃለች።

የደከመችበትን ምክንያት ደግሞ እኔ አውቃለሁ። በፌብሩዋሪ እናቴ አርፋ አዲስ አበባ ስሄድ፣ አርባዋን አውጥቼ እስክመለስ ድረስ ታናሽ ወንድሟን እያበላች፣ እያጠበች፣ ትምህርት ቤት እያደረሰች የቆየችው እሷ ናት። አባቷ የሌሊት ተረኛ ነው። የትምህርት ቤቷ ካውንስለር (የተማሪዎች አማካሪ) «በጊዜው ብትነግሩን ኖሮ» አለችኝ። ሐዘን የተቀመጠ ሰው ለካውንስለር ደብዳቤ ይጽፋል እንዴ? ውጤቷ ሲያሽቆለቁል በየሳምንቱ ኮምፒውተራቸው ላይ የሚያዩት እነርሱ አይደሉም ወይ? ለምን አንድ ሰው ጠርቶ «ምን ሆንሽ?» አላላትም?

አሁን ምክንያቷን ጽፋ ለዩኒቨርሲቲው እንድትልክ ተነግሯታል። ልጄ ግን «የአያቴን ሞት ለውጤት ሰበብ አላደርገውም» ብላ ከማለዳ ጀምሮ ባዶ ገጽ ፊት ተቀምጣለች። እኔ ደግሞ «ጻፊው» እላታለሁ፤ እንዲህ ማለቴም ያመኛል፤ እናቴን ለማያውቋት ሰዎች ማስረጃ አድርጌ እንደማቅረብ ይሰማኛል።

ከነገ ወዲያ እሑድ በቤተ ክርስቲያን የዘንድሮ ተመራቂዎች በየስማቸውና በሚገቡበት ዩኒቨርሲቲ ስም ይጠራሉ። የእሷ ስም ከዩኒቨርሲቲው ስም ጋር በወረቀቱ ላይ ከታተመ ሁለት ሳምንት ሆኖታል። ቀሚሷን ተኩሼ ሰቅዬዋለሁ፤ እስካሁን ግን እሄዳለሁም አልሄድምም አላለችኝ።